በሩንሜይ ደጅ የሚያልፉ አህዮች

በብርዱ ወራት የሩንሜይ አንድ ተራ ቀን ወደ አርባ ዩዋን ገደማ ይፈጃል። ከግማሽ በላዩ የባሏ መድኃኒት ነው። ከቀሪው ላይ የኦክስጅን ማሽኑ መብራት ይበላል፤ ማሽኑ ከባሏ ራስጌ ቆሞ ሌትም ቀንም እንደሚያንኮራፋ ሰው ያጉረመርማል፣ እሱም ትንፋሹን ከዚያ ይቀዳል። ከዚያ የድንጋይ ከሰል አለ፣ ዱቄት አለ፣ ዘይትና ጨው አለ። ጎመኑና ድንቹ ከጓሮ፣ እንቁላሉም ከገዛ ዶሮዎቿ ስለሆነ እሱን በወጪ አትይዘውም። ጉልበቷንም አትይዘውም። ጉልበቷ ግን ጠዋት ከመደቡ ስትነሳ ሒሳቡን ራሱ ይጠይቃል፤ ግድግዳውን ይዛ ጥቂት ካልቆመች አይታዘዛትም።

ባሏ ፋን ቶንግሱዎ በወጣትነቱ ወርቅ ቆፋሪ ነበር። ያኔ ዋሻ ውስጥ ድንጋይ የሚበሱት ያለ ውሃ ስለነበር አቧራው ሳንባው ውስጥ ገብቶ ተጋገረ። አብረውት ከቆፈሩት ብዙዎቹ ከመንደሩ በላይ ባለው የመቃብር ቦታ ተኝተዋል። እሱ እስካሁን አለ። አለ የሚባለው በሩንሜይ ነው፤ ይህን እሱም ይለዋል፣ መንደሩም ይለዋል።

መንደራቸው ሺዋን ከቺንሊንግ ተራሮች ሥር የመኪና መንገድ የሚያልቅበት ነው። ከሺዋን በላይ ያለው ጫካ፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ሰማይ ነው። አህዮቹ የሚመጡት እሱን ፈልገው ነው።

አህያ የሚባሉት ባለ አራት እግሮቹ አይደሉም። ቁመታቸውን የሚያክል ሻንጣ በጀርባቸው ጭነው ተራራ የሚወጡ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ስሙን ለራሳቸው ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ኢንተርኔት ላይ በቀልድ የተጀመረ ቃል ነበር፤ ዛሬ የባንክ ሠራተኛውም፣ የጥርስ ሐኪሟም «አህያ ነኝ» ሲሉ የሚደነግጥ የለም። መሪያቸው አውራ አህያ ነው። ብዙ ተራራ የወጣው አሮጌ አህያ ነው። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ነገሩ ለሺዋን ሰው አልገባውም። በተለይ ለቶንግሱዎ።

«ማን ሰድቧችሁ ነው አህያ የተባላችሁት?» ሲል ጠየቀ አንዱን፣ በሩ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀ።

«ራሳችን ነን ያወጣነው ጋሼ።»

«በገዛ አፋችሁ?»

«በገዛ አፋችን።»

«እኔ ድንጋይ ስሸከም አህያ ያለኝን ሰው ጥርሱን አራግፌዋለሁ» አለ ቶንግሱዎ። «እናንተ ደግሞ ከፍላችሁ ትሸከማላችሁ።» መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሩንሜይም ውሃ ይዛ ሮጠች።

ያ የተጠየቀው ሰው በኋላ ደንበኛቸው ሆነ። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰው አስከትሎ ይመጣል፤ ሩንሜይ ቤት ያድራሉ፣ ኑድል ይበላሉ፣ በማለዳ ይወጣሉ። ስሙ ቅዳሜ ነው። አህዮቹ እናት አባት ያወጡላቸውን ስም እቤት ትተው ይመጣሉ፤ እርስ በርስ የሚጠራሩት ኢንተርኔት ላይ ባወጡት ስም ነው። አንዱ ቅዳሜ፣ አንዱ ወፍራሙ ነፋስ፣ አንዷ የሰኞ ጠላት። አብረው ድንኳን ውስጥ አድረው፣ ከአንድ ድስት በልተው፣ አንዱ የሌላውን የአባት ስም ሳያውቅ ይለያያሉ። እንደዚያ ነው ደስ የሚላቸው። ከተማ ውስጥ የሚጠራቸው ስም ሥራ አለበት፣ አለቃ አለበት።

ከእንግዶቹ የሚገኘው ገቢ ለዱቄቱና ለከሰሉ ይበቃል። መድኃኒቱን የሚከፍለው ግን ሌላ ነገር ነበር።

መንገዱ ሸንተረሩን ከሚያቋርጥበት፣ የተራራው በር ከሚባለው ቦታ በታች፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ ገደሉ ወገብ ላይ አንዲት ጠባብ እርከን አለች። እዚያ የሳል መድኃኒት የሚሆን፣ ነጋዴ በጥሩ ዋጋ የሚገዛው፣ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች የምታክል ነጭ ሥር ይበቅላል። ቦታዋን ለሩንሜይ ያሳያት አማቷ ነው፤ ልጁ መተንፈስ ሲያቅተው ምራቱን ይዟት ሄደ። ሥሩን የሚያውቁት በአበባው ነው፣ የሚቆፈረው ግን ቅጠሉ ደርቆ ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው በአበባው ጊዜ ወጥቶ ምልክት ያስራል፣ ቅጠል ሲረግፍ ምልክቱን ይዞ ይቆፍራል። ሥሩ ገና ትንሽ የሆነውን ለከርሞ ይተወዋል፣ ምልክቱንም እዚያው። አማቷ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ነበር የሚያስረው።

ቀይ ጨርቅ ግን አንድ ጣጣ ነበረው። የባሏ የአጎት ልጅ ማንጓይም ሥር ቆፋሪ ነው፤ ሩንሜይ እንዲያ ያለ ሥር ከየት እንደምታመጣ ለማወቅ ስንት ዓመት ተከታትሏታል። «ያቺን ቦታ ሳላይ ብሞት ሬሳዬ አይበሰብስም» እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ የምር ነበር። ቀይ ጨርቅ ቢያይ ደግሞ ምን እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ዓመት አውራ አህያው ቅዳሜ አንድ ጥቅል ብርቱካናማ ጥብጣብ ተርፎት እሷ ቤት ጥሎ ሄደ። አህዮቹ በመንገዳቸው ላይ ከየቁጥቋጦው የሚያስሩት ነው፤ የማኅበራቸው ስም ታትሞበታል፣ ከኋላ የሚመጣው እንዳይጠፋ። ሩንሜይ አሰበችበት። ጠንካራ ነው፣ ዝናብ አያደበዝዘውም፣ ብርድ ልብስ ከመቅደድ ያድናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንጓይ ቢያየው የአህዮቹ ነው ብሎ ያልፈዋል። በአበባው ጊዜ ጥቅሉን በጉያዋ ይዛ ወጣች። ከተራራው በር ሥር ካለው የጥድ ቁጥቋጦ ጀምራ ወደ ታች፣ አማቷ እንዳሳያት፣ ሥር ባየችበት ሁሉ እያሰረች እስከ እርከኗ ወረደች። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ አደረገች። ብልህነቷ ደስ ብሏት ለባሏ ነገረችው፤ እሱም «አባቴ ይህን ቢያይ ትንባሆውን ያቃምስሽ ነበር» አላት።

በዚያው ዓመት መከር፣ አገሩ ሁሉ ሥራ በሚፈታበት የመንግሥት በዓል ሳምንት፣ ቅዳሜና ጓደኞቹ ዘጠኝ ሆነው መጡ። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፣ ስሟ ቀንድ አውጣ። ሌሎቹ ሻንጣቸውን ሲያስተካክሉ እሷ ወጥ ቤት ገብታ ድንች መላጥ ጀመረች። ክፉኛ ነበር የምትልጠው።

«ተይው ልጄ፣ ግማሹን ለዶሮ ሰጠሽው።»

«ከድንቹ ልጣጩ ይበልጣል አይደል አክስቴ? እናቴም እንደዚህ ነው የምትለኝ።»

«ተራራ መውጣትሽን ታውቃለች?»

«ጓደኛዬ ቤት ነኝ ብያታለሁ።» ሳቀች። «ከሁሉም ወደኋላ የምቀረው እኔ ነኝ፤ ስሜን ያወጡልኝም ለዚያ ነው። ግን እደርሳለሁ። ጥብጣቡን ይዤ ሁልጊዜ እደርሳለሁ።»

በማለዳ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጉም ተራራውን እስከ ወገቡ ሸፍኖት ሳለ ወደ ሺዋን ተመልሰው ወረዱ። ሩንሜይ ከሩቅ አይታቸው ሾርባ ጣደች። ገብተው ሲቀመጡ ስምንት ነበሩ።

ቅዳሜ ሻንጣውን ሳያወርድ ስልኩን አውጥቶ ለፖሊስ ደወለ፤ ከላይ ኔትወርክ አልነበረም። ሲናገር እሷም ሰማች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከተራራው በር ሲወርዱ ጉም ያዛቸው። ቀንድ አውጣ እንደ ወትሮው ኋላ ነበረች። ድንኳን ሲተክሉ አልደረሰችም። ተመልሰው ጠሩ፣ ፉጨት ነፉ፣ እስኪመሽ ፈለጉ፤ ዛሬ ጠዋትም ፈለጉ፤ ከዚያ በረዶ መጣል ጀመረ።

ስልኩ ውስጥ ያለው ፖሊስ ስሟን ጠየቀ።

ቅዳሜ ጓደኞቹን አየ። እነሱም እሱን አዩ።

«ቀንድ አውጣ» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ቀንድ አውጣ ነው የምንላት።»

«እኔ የጠየቅኩህ የሰው ስም ነው ጌታዬ። ለቤተሰብ ልደውል ነው።»

ቅዳሜ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። የነፍስ አድን ቡድኑ ከወረዳው ከተማ ተነስቶ ሲመሽ እንደሚደርስ፣ በሸንተረሩ በኩል ፍለጋ እንደሚጀምር ተነገረው። ስልኩን ዘግቶ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ልትጠፋ አትችልም» አለ። «ብርቱካናማውን ባየሽ ቁጥር ተከተዪው ብያታለሁ። ከበሩ እስከ ታች በደንብ አስሬዋለሁ። ከጥብጣብ ውጪ አትሄድም፣ እሷ ከሁላችንም ይልቅ ጠንቃቃ ናት።»

ሩንሜይ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ሾርባው ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲፈስ አንዲቷ ልጅ ነች ድስቱን ያነሳችው።

ወደ ጓዳ ገባች። ቶንግሱዎ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ መደቡ ላይ ተጋድሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«የዌንዪ አባት» አለችው። ዌንዪ ሺያን ከተማ የምትሠራ ልጃቸው ናት። «ጥብጣቡ የእኔ ነው። ከጥዱ ወደ ታች ወርዳለች።»

«አታውቂም።»

«አውቃለሁ።»

«አዳኞቹ ይመጣሉ። ሙያቸው ነው።»

«በሸንተረሩ ነው የሚሄዱት። እዚያች እርከን ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? እኛው አይደለን እንዳይታሰብ ያደረግነው?»

ማሽኑ አጉረመረመ። ከውጭ የማንጓይ ድምፅ ይሰማል፤ ወሬውን ሰምቶ መጥቷል፤ በመንደሩ ለገደል የሚሆን ረጅም ገመድ ያለውም እሱ ብቻ ነው። ቶንግሱዎም ሰማው። ለማንጓይ ቦታዋን ማሳየት ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱም አልተናገሩትም፤ መድኃኒቱ ከመደቡ ጫፍ፣ ካርቶኑ ውስጥ ተደርድሮ ይታያል። ቶንግሱዎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሩንሜይ መልስ አልጠበቀችም። ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ለወጠች፣ ቁርጭምጭሚቷን በጨርቅ ጠቀለለች። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ተናገረ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

«ከመጨረሻው ጥድ በታች በግራ ያለው ድንጋይ ሲረጥብ ያንሸራትታል። አባቴ እዚያች ጋ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ነበር የሚወርደው።»

ወጥ ቤት ተመልሳ እሳቱ አጠገብ ቆመች።

«ከበሩ በታች ካለው ጥብጣብ የእናንተ ያልሆነ አለ» አለች። «እኔ ነኝ ያሰርኩት። ለሥር ምልክት። ወደ ገደል ነው የሚወስደው።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ደግማ፣ ከቅዳሜ የተረፈውን ጥቅል ጨምራ ነገረቻቸው። ወፍራሙ ነፋስ የሚሉት ልጅ ብድግ አለ።

«የኛን ምልክት? የመንገድ ምልክት መሆኑን እያወቅሽ?»

«አዎ፣ እያወቅኩ።»

«ለሁለት ፍሬ ሥር ብለሽ ሰው...»

«ስድቡን ቋጥረህ አስቀምጠው» አለ ማንጓይ ከበሩ። «ስንመለስ አብረን እንሰድባታለን። እኔም የቆየ አለኝ።» ወደ ሩንሜይ ዞረ። «ገመዱን ላምጣ እትዬ?»

«አምጣው።»

ሦስት ሆነው ወጡ፤ ሩንሜይ ከፊት፣ ማንጓይ ገመዱን ጠምጥሞ፣ ቅዳሜ ከኋላ። በረዶው እየረጠበ ይጥላል። ከጫካው ሲወጡ ሩንሜይ ዋናውን መንገድ ትታ በአንድ ደረቅ ፈፋ ታጠፈች፤ ማንጓይ ቆሞ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አየ።

«እዚህ ጋ ነው እንዴ የምትጠፊብኝ የነበረው?»

«እዚህ ጋ ነው።»

«እኔ ደግሞ እዚያ ማዶ አንቺን ስፈልግ የሰባበርኩት ቁጥቋጦ!» ገመዱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ተከተላት።

ከጥዱ ሥር የመጀመሪያው ጥብጣብ በረዶ ላይ ደምቆ ተወዛወዘ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ሌላው፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ቅዳሜ ባለፈባቸው ቁጥር በጣቱ ይነካቸዋል። የማኅበሩ ስም አልደበዘዘም። ሩንሜይ ስታስራቸው መንገድ ይመስላሉ ብላ አንድ ጊዜም አላሰበችም፤ ለእሷ እያንዳንዱ አንድ ሥር ነበር። ከላይ ቆማ ስታያቸው ግን አንዱ ሌላውን እየጠራ የሚወርድ፣ ደህና ሰው የሠራው መንገድ ነበር።

ከመጨረሻው ጥድ ሥር ስትደርስ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጠች። ማንጓይ ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረ። ወረደች።

ልጅቷ እርከኗ ላይ፣ ድንጋዩ ጣራ በሠራበት ጥግ፣ የረጠበ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልላ ነበር። አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። ፊቷ የሻማ ሰም መስሏል። ሩንሜይ ተንበርክካ ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘች፤ ዓይኗ ተከፈተ።

«አክስቴ» አለች ቀስ ብላ። «ጥብጣቡ እዚህ አለቀ። አለቀና ቆምኩ።»

ሩንሜይ የካፖርቷን ቁልፎች ፈትታ የልጅቷን ባዶ እግር ከሆዷ ጋር አጣበቀች። ልጅቷ እንዳትተኛ ማናገር ነበረባት፤ ምን እንደምትላት ግን አላወቀችም።

«ስምሽ ማነው?»

«ቀንድ...»

«እናትሽ ያወጣችልሽን።»

ከንፈሯ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። «ታዎ ኒንግ።»

ሩንሜይ ወደ ላይ ጮኻ ስሟን ነገረቻቸው። ቅዳሜ ከላይ ሆኖ ስሙን ደገመው፤ ከዚያ ደጋግሞ ጠራት፣ ኒንግ፣ ኒንግ እያለ፣ ማንጓይ ወርዶ እስኪደርስ ድረስ።

ማንጓይ እርከኗን ረግጦ ቀና ሲል በየስንጥቁ ገና ያልጠፉት የሥሩ ደረቅ አገዳዎች ከበረዶው በላይ ይታዩ ነበር። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በዓይኑ ሄደ። እንዲህ ይሆናል ብሎ የገመተው ከዚህ ያነሰ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ አለ።

«አሳዝዪኝ» አለ።

በሁለት ገመድ፣ እየተቀባበሉ፣ ሲመሻሽ ሺዋን አደረሷት። የነፍስ አድኑ መኪና ገና ደጃፉ ላይ መብራቱን እያጠፋ ነበር፤ እዚያው አዙረው ወሰዷት።

ሐኪሞቹ ሕይወቷን አተረፉ፣ የግራ እግሯን ሁለት ጣቶች ግን ቆረጡ። ሩንሜይ እንቁላል በቅርጫት ይዛ በአውቶቡስ ወደ ወረዳው ሆስፒታል ሄደች። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ነበረች፣ ከሩቅ አገር ሌሊቱን በባቡር ተጉዛ የመጣች አጭር ሴት። የልጅሽን ሕይወት ያተረፈችው እሷ ናት ብለው ነግረዋት ስለነበር እጇን ልትይዛት ተነሳች። ሩንሜይ እጇን ሳትሰጥ አስቀድማ የጥብጣቡን ነገር ነገረቻት። ቆማ ነገረቻት፣ ምንም ሳታስቀር።

እናትየው እጇን መለሰች። ቅርጫቱንም አልተቀበለችም። ገብታ በሩን ዘጋች። ሩንሜይ ቅርጫቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ልትሄድም አልቻለች፣ ልታንኳኳም አልደፈረች። ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተ፣ እናትየው በብርጭቆ ሙቅ ውሃ ይዛ ወጣች።

«የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?» አለች። «አምልጦሽ እንዳታድሪ።» ውሃውን ሰጠቻት። 

በቀጣዩ ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ሩንሜይ ወደ እርከኗ ወረደች፤ አፈሩ ተገለባብጧል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክለዋ ሥር እንኳ አልቀረችም። ማንጓይ እኔ አይደለሁም ብሎ በእናቱ መቃብር ማለ። ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ የሰማው ብዙ ሰው ነበር። ሩንሜይ አልተከራከረችም። ከጥቂት ቀን በኋላ ማንጓይ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ እፍኝ ዘር አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ከየት እንዳመጣው አልተናገረም፣ አልጠየቀችውም። ከዶሮው ቤት ኋላ አፈር አዘጋጅታ ዘራችው። ለቁፋሮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያው ዌንዪ ከደሞዟ ትልካለች፣ ቶንግሱዎም ከመድኃኒቱ አንዱን ዓይነት ርካሽ በሆነው ለውጦታል፤ ትንፋሹ ያጥራል፣ ፀሐይ ባለ ቀን ግን አሁንም በሩ ጋ ወጥቶ አህዮቹን ይተርባል።

ከዚያ በፊት፣ በረዶው ሲቀልጥ በፀደይ፣ ቅዳሜ መጥቶ ከእሷ ጋር ወጣ፤ የእሷን ጥብጣቦች አብረው ፈቱ። እሷ ብቻዋንም ደጋግማ ወጥታለች። ችግሩ ስታስር አለመቁጠሯ ነው። ከጥዱ በታች ያለውን ሁሉ አንስታለች፣ ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት ከፈፋው ማዶም ያሰረች ይመስላታል፤ የት ቁጥቋጦ ላይ እንደሆነ ልታስታውስ አልቻለችም። በረዶ ሲጥል ከእንቅልፏ ትነቃለች።

ስለዚህ ሩንሜይ ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት። ወደዚያ ተራራ የምትወጡ ከሆነ፣ ከተራራው በር በታች ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ የሰው እግር ያልረገጠው ቦታ ላይ ብቻውን የታሰረ ብርቱካናማ ጥብጣብ ካያችሁ አትከተሉት። ፍቱትና ኪሳችሁ ክተቱት። ስትወርዱም የሺዋን የመጨረሻ ቤት የእሷ ነው፤ ጎራ ብላችሁ የት እንዳገኛችሁት ንገሯት።